ወረንጦ

ወረንጦዬ ጠፋ። ማን እንደወሰደው
አልጠይቅም ከቶ፤ ሌባዬን የማውቀው
በሙጫ ሽታው ነው።

ኤሪቤርቶ ባሌ ጋዜጣ አንጥፎ፣
በራት ጠረጴዛው መብራት አስደግፎ፣
ሁለት መነጽሩን አንዱን ባንዱ ጭኖ
ጎማ ይገጥማል፣ ትንፋሹን አፍኖ።
ብጠራው አይሰማ፣ ብቆጣው አይነቃ፤
ይቆጥራል በልቡ፣ ሙጫው ደርቆ እስኪበቃ፣
ካንድ እስከ ሃያ አምስት።

ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ ከካላማ በላይ፣
ሣር በማይበቅልበት፣ ዝናብ በማይታይ
በረሃ መካከል፣ በመዳቡ ጉድጓድ፣
እየተጠማዘዘ በሚወርደው መንገድ
ነዳ፣ ነዳ፣ ነዳ።
ሰባት ቀን እዚያ ላይ፣ ሰባት ቀን እቤት፤
እቤቱም እንቅልፍ ነው፣ የቀንም የሌሊት።
ያን መኪና እኔም፣ ለበዓል ተጠርቼ፣
አንድ ቀን አየሁት፣ አፌን እንደከፈትኩ፤
ጎማው ብቻ የእኔን ሁለት እጥፍ ቁመት፣
ደረጃ ነበረው፣ መወጣጫ፣ እንደ ቤት።

ዛሬ ያው ጎማ
የካፖርቴ ቁልፍ ነው።
መቶ አርባ አራት ጊዜ ዓለም ሲያንስለት
ተራራ ተሸካሚው መዳፉ ላይ ገባለት።

የፍሬኑ ቱቦ የስፌት ክሬ ነው፤
መስታወቱ ደግሞ፣ ቸኮሌት የጠቀለለው
ብርማ ወረቀት። (ቸኮሌቱን ማን በላው?)
ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ይባላል፤
የኔው ግን ሲሰርቀኝ
በሚሊሜትር ነው።

ጡረታ ሲወጣ ከጉድጓዱ አፋፍ
በማርማላታ ጠርሙስ አቧራ ዘግኖ
«ቀን ይወጣለታል» ብሎ አኑሮት ነበር።
ቀለሙ ሲደርቅ፣ በዝግታ፣ በእምነት
ነሰነሰባት።
እዩት እንግዲህ፦ ያው አቧራ፣ የገዛ ራሱ፣
ሠላሳ ሁለት ዓመት ሳንባው ውስጥ ያደረ፣
ትንሿ መኪና ላይ ቋጥኝ ሆኖ ቀረ።
ናዳ የወረደባት መሰለች።
በጥርስ ብሩሽ አጥቦ፣ ቀን ሙሉ ተክዞ፣
ማታ ላይ መጣ የፊቴን ፓውደር ይዞ፤
ከቡናማ ቀለም ቀላቅሎ ቢነካት
ይኸው! ከጉድጓዱ አሁን የወጣች ናት።
እውነቱ ሲከብዳት ውሸቱ አማረባት።
(ፓውደሬን አልመለሰም።)

እሑድ የእህቱ ልጅ፣ ያስና፣ መጣች፤
አንቶፋጋስታ ላይ፣ ከባሕሩ ዳር፣
ያንኑ ጉድጓድ በስክሪን የምትጠብቅ።
መኪናዋን አንስታ ዞር ዞር አድርጋ አየቻት።
«አጎቴ፣ ቆንጆ ናት። ግን ጋቢናው ውስጥ
ሰው ለምን ታስገባለህ? አሁን እኮ የሉም፤
ራሳቸው ይሄዳሉ፣ ራሳቸው ይቆማሉ፤
ባዶውን ብትተወው ትክክል ይሆናል።»
ክፉ አላሰበችም። ኬኳን በልታ ሄደች።

እሱ ግን ያን ሌሊት ሰው መሥራት ጀመረ።
የስንዴ ፍሬ የሚያህል ሰው፦
ቢጫ ቆብ፣ ሰማያዊ ልብስ፤
ጺም እንኳ ሳለለት፣ ባንዲት የብሩሽ ፀጉር።
ሊያስቀምጠው ሲል እጁ ተንቀጠቀጠ፤
ሰውየው አመለጠ።
ተንበርክከን ሁለት ሽማግሌዎች፣ ባትሪ አብርተን፣
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ሶፋው ሥር፣
አንድ የጠፋ ሹፌር ፈለግን።
ያገኘሁት ነጠላ ጫማዬ ሶል ላይ ነው፣
በሕይወት።

«አንቺ አስገቢው» አለኝ፤ ወረንጦዬን ሰጠኝ።
ቅንድብ ስነቅል የኖርኩ፣ የማይነቃነቅ እጅ አለኝ።
ትንፋሼን ያዝኩና በበሩ አሾለክሁት፤
መንገድ ብቻ ሲያይ የኖረውን አንገት
ትንሽ ጠምዝዤ ወደ መስኮቱ አዞርኩት፣
ውጭ የቆመ ሰው ካለ እንዲያይ።
እስከ ሃያ አምስት ቆጠርሁ።

ኤሪቤርቶ አየ። ምንም አላለኝም።

ጠዋት ወረንጦዬ ቦታው ተመልሷል፤
ጫፉ ላይ የቢጫ ቀለም ነጥብ ደርቋል።
አልፋቅሁትም።